አቃል፦ ከግመል ጀርባ የሚወርድ ቤት

ከጅግጅጋ ተነሥቶ በቶጎ ውጫሌ በኩል ወደ ሐርጌሳ የሚያቀና መንገደኛ፣ ሜዳው ላይ አለፍ አለፍ ብለው የተተከሉ ትንንሽ ክብ ቤቶችን ማየቱ አይቀርም። ከሩቅ ሲያዩዋቸው መሬት ላይ የተደፋ አክንባሎ ይመስላሉ። አንዳንዶቹ ምንጣፍ ለብሰዋል፤ አብዛኞቹ ግን ሸራ፣ ላስቲክ፣ የእህል ጆንያና ያረጀ ጨርቅ ተደራርቦባቸዋል። መንገደኛው "የችግር መጠለያ ነው" ብሎ ያልፋል። ጨርቁን ገልጦ አጥንቱን ቢያይ ግን ሐሳቡን ይቀይር ነበር።

ስሙ አቃል ነው። ቃሉ በሶማልኛ ቤት ማለት ቢሆንም፣ አርብቶ አደሩ ሲጠራው ተነቅሎ በግመል የሚጫነውን፣ ከደረሱበት ደግሞ የሚተከለውን ቤት ማለቱ ነው። ሠሪዋም፣ ነቃይዋም፣ ባለቤቷም ሴት ናት። ሠርግ ራሱ "አቃል ጋል" ይባላል፤ ቤት መግባት እንደማለት ነው፣ እኛ "ጎጆ ወጣ" እንደምንለው። የሙሽራዋ እናትና ዘመዶቿ ከሠርጉ ብዙ ቀደም ብለው ምንጣፉን መሥራት ይጀምራሉ። ሁለት ሚስት ያለው ሰው ሁለት አቃል ያያል፤ አንዱ የአንደኛዋ፣ ሌላው የሁለተኛዋ ነው። የእሱ ብቻ የሚባል ቤት የለም።

የቤቱ አጥንት ዲጎ ይባላል፤ ረጃጅም የተቀለሱ እንጨቶች ናቸው። ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ሶማሌዎች ጋሎል የሚሉት የግራር ዓይነት ነው። ሥሩ ተቆፍሮ ይወጣል፣ ይላጣል፣ በእሳት ይሞቃል፤ ትኩስ ሳለም ይጎብጥና ቅስቱን እንዲይዝ ታስሮ ይደርቃል። እኛ "ጎጆ ቀለሰ" ስንል የምንጠቀምበት ግሥ "አንገቱን ቀለሰ" ከሚለው ጋር አንድ ነው። አቃል በእርግጥም የሚቀለስ ቤት ነው።

ያው ጋሎል ልብሱንም ይሰጣል። ከውስጠኛው ልጥ ማይዳሕ የሚባል ቃጫ ይወጣል። ሴቶቹ ልጡን በጥርሳቸው እያኘኩ ያለሰልሱታል፣ ይፈትሉታል፤ ከፊሉ ገመድ፣ ከፊሉ ከበድ የሚባለው ወፍራም ምንጣፍ ይሆናል። አንድ ከበድ ተሠርቶ እስኪያልቅ ብዙ መንጋጋ ይደክማል። ለዚህም ነው ሴቶች ተሰብስበው እየዘፈኑና እየተጨዋወቱ የሚሠሩት።

ተከላው ከመሬት ይጀምራል። ቦታው ይጸዳል፣ ዙሪያውን ጉድጓዶች ይማሳሉ፣ የዲጎዎቹ እግር ይተከላል፣ ጫፋቸው ከላይ ይገናኝና በልጥ ይታሰራል። አግዳሚ ቅስቶች ይታከሉበታል። መሐሉን ኡዱብ የሚባለው ምሰሶ ይደግፈዋል። ከዚያ ምንጣፉ ከታች ወደ ላይ እየተደራረበ ይለበስበታል፤ የላይኛው የታችኛውን ጫፍ ስለሚሸፍን ዝናቡ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ እየተንሸራተተ ይወርዳል። ሙቀት ሲበረታ የታችኛው ምንጣፍ ይገለጥና ነፋስ ይገባል። ምስማር የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም ነገር የታሰረ ነው። የታሰረ ደግሞ ይፈታል።

ብልሃቱ የሚታየውም ሲፈታ ነው። በጉዞው ዕለት ማለዳ ግመሉ ይንበረከካል። ከጣሪያ የወረዱት ምንጣፎች መጀመሪያ ጀርባው ላይ ይደራረባሉ፤ ሄርዮ የሚባለው የጭነት ኮርቻ ይህ ነው። ትናንት ጣሪያ የነበረው ዛሬ የግመሉን ሻኛ ከእንጨቱ ፍትጊያ ይጠብቃል ማለት ነው። ቀጥሎ ዲጎዎቹ በግራና በቀኝ እኩል ተከፍለው በመጫኛ ይታሰራሉ። የጎበጡ ስለሆኑ ከግመሉ ጎን ተነሥተው ወደ ላይ ይቆለመማሉ፤ በመሐላቸውም እንደ አንቀልባ ያለ ክፍት ቦታ ይፈጠራል። ማሰሮው፣ የወተት ዕቃው፣ ገና ያልጠነከረው ግልገል፣ መራመድ የማይችለው ሕፃን እዚያ ውስጥ ይቀመጣል። ቤቱ ፈርሶም ቤት ነው፤ ልጁ ትናንት ማታ ከተኛበት ቅስት ሥር ሳይወጣ ይጓዛል። አሜሪካዊቷ የሥነ ሕንፃ ታሪክ ተመራማሪ ላቤል ፕሩሲን እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተመችው የአፍሪካ ዘላኖች ሥነ ሕንፃ መጽሐፍ ትኩረት ከሰጠቻቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነበር፤ የሴቲቱ ቤትና በግመል ላይ የምትሄድበት ድባብ ከአንድ እንጨት የሚወጡ መሆናቸው።

ይህን ሳስብ በሌላው ዓለም ሰዎች በየጓሮአቸው የሚሠሩት ትንሽ ተንቀሳቃሽ ቤት ትዝ ይለኛል። ካምፐር ይሉታል። ብዙውን ጊዜ ከተጎታች ጋሪው ጋር ተበይዶ የሚቀር ሣጥን ነው፤ ሰውየው ቤቱን ካቆመ ተጎታቹም አብሮ ይቆማል። አሸዋ ልጫንበት፣ እንጨት ላምጣበት ቢል አይሆንለትም። ስለዚህ ቀልጠፍ ያሉት ሣጥኑን በብሎን ብቻ ያስሩታል። ከደረሱ በኋላ አራቱን ማዕዘን በክሪክ ከፍ አድርገው እግር ያቆሙለታል፣ ብሎኑን ይፈታሉ፣ ተጎታቹን ከሥሩ ስበው ያወጣሉ። ቤቱ እዚያው ቆሞ ይቀራል፤ ተጎታቹ ለሌላ ሥራ ይሄዳል። ሲጭኑ ደግሞ ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው መኪናው መንጠቆ ላይ እንዲያርፍ ያመዛዝናሉ፤ ካልሆነ ተጎታቹ መንገድ ላይ ይወዛወዛል።

ለሶማሌ ሴት ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የግራው ዲጎ ከቀኙ ከከበደ ጭነቱ ይንሸራተታል፣ የግመሉም ጀርባ ይቆስላል፤ የቆሰለ ግመል ደግሞ ለሳምንታት ከሥራ ውጪ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ቤቱ ከተሸካሚው መለየት እንዳለበት ታውቃለች። ምክንያቱ ውኃ ነው።

የሶማሌ አርብቶ አደር ግመሉን በሁለት ከፍሎ ያሰማራል። የሚታለቡትና ግልገሎቻቸው ከወጣት ወንዶች ጋር ራቅ ወዳለ ግጦሽ ይሄዳሉ፤ እረኞቹ ቤት የላቸውም፣ በእሾህ በረት ውስጥ መሬት ላይ ያድራሉ። ምግባቸውም በአብዛኛው ወተት ነው። ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች በበኩላቸው ከበግና ከፍየሉ ጋር አቃሉ ዘንድ ይቀራሉ። ከእነሱ ጋር የሚቀሩት ግመሎች በአብዛኛው የጭነት ወንዶቹ ናቸው፤ የምትታለብ ግመል አትጫንም። ጠንካራ የጭነት ግመል ለረጅም መንገድ 150 ኪሎና ከዚያ በላይ ይሸከማል። ቤቱን ባወረደ ማግስት ዕረፍት የለውም፤ ሐን የሚባሉት የተጠለፉ የውኃ ዕቃዎች ይጫኑበትና ወደ ጉድጓድ ይነዳል። በጂላል፣ ማለትም ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባለው የበጋ ወራት፣ ውኃው የቀናት መንገድ ሊርቅ ይችላል። ቤቱ ከግመሉ የማይላቀቅ ቢሆን ኖሮ ቤተሰቡ ወይ ቤት አልባ ወይ በውኃ ጥም የተያዘ ይሆን ነበር። ጉ የሚባለው የሚያዝያ ዝናብ ሲጥል ደግሞ አቃሉ እንደገና ተፈትቶ ግጦሹን ይከተላል። ሐርጌሳን ከሐውድ ሜዳ ጋር የሚያገናኘው ይህ የግጦሽ መንገድ ድንበር ተሻጋሪ ነው፤ በ1889 ዓ.ም. እንግሊዞች ከዐፄ ምኒልክ ጋር ሲዋዋሉ ከብት ጠባቂዎቹ ወዲህና ወዲያ እየተሻገሩ ከብታቸውን እንዲያሰማሩ መፍቀድ ግድ ሆኖባቸዋል።

ብልሃቱ የሶማሌ ብቻ አይደለም። የአፋር ሴቶች አሪ የሚሉትን ቤት በተቀለሰ እንጨትና በሰሌን ይሠራሉ፣ በግመልም ይጭናሉ። በሰሜን ኬንያ ያሉት ገብራና ሬንዲሌም እንዲሁ።

ሐርጌሳ ዛሬ የድንጋይ፣ የብሎኬትና የመስታወት ከተማ ናት። አቃል ግን ከቋንቋው አልወጣም። ሶማሌላንድን እስከ 2002 ዓ.ም. ምርጫ ድረስ የመራው ፓርቲ ኡዱብ ይባል ነበር፤ የስሙ ምህጻረ ቃል በቀጥታ የቤቱን ምሰሶ ይጠራል። ሞቃዲሾ ያለው ፓርላማም የላይኛውን ምክር ቤት "የላይኛው አቃል" ይለዋል።

ሐርጌሳ ክፉ ቀን ሲገጥማትም የደረሰላት ይኸው ዕውቀት ነው። በ1980 ዓ.ም. ሐርጌሳ በገዛ መንግሥቷ አውሮፕላኖች ስትደበደብ ሕዝቧ በእግሩ ወደ ኢትዮጵያ ተሰደደ። እዚያ ያለው ሐርተ ሼክ በዚያን ጊዜ ከዓለም ግዙፍ የስደተኞች ሰፈሮች አንዱ ሆነ፤ የተዘጋው በ1996 ዓ.ም. ነው። ግመሉም ከበዱም የቀረባቸው ሴቶች ያገኙትን ቅርንጫፍ ቀልሰው፣ ያገኙትን ጨርቅ አልብሰው መጠለያ አቆሙ። የተመለሱትና ኋላም ድርቅ ከብታቸውን የጨረሰባቸው ቤተሰቦች በሐርጌሳ ዳርቻ ያቆሙት ቤት የዚያው ልጅ ነው።

ዛሬ ግመሉን ተክቶ ብዙ ጊዜ የሚጭነው አይሱዙ ነው፤ ከበዱንም የተካው ላስቲክ ነው። ላስቲክ ይረክሳል፣ አይኘክም፣ ግን በፀሐይ ይሰነጠቃል፣ ቀን ላይም ውስጡን ምድጃ ያደርገዋል። የባሰው ግን ዲጎው ነው። ጋሎል ጥሩ ከሰል ይወጣዋል፤ ስለዚህ በሶማሌላንድ ለከሰል በብዛት የሚቆረጠው ዛፍ እሱ ሆኗል። የገጠሩን ቤት የሚያቆመው ዛፍ በሐርጌሳ ምድጃ ላይ ሻይ እያፈላ ነው።

ስለዚህ አንባቢዬ፣ በዚያ መንገድ ካለፉ ላስቲኩ አያታልልዎ። ቢፈቅዱልዎ ጎንበስ ብለው ይግቡና ቀና ብለው ጣሪያውን ይመልከቱ። የተቀለሰ የጋሎል ሥር ካዩ፣ የቤቱን ባለቤት ማን እንደቀለሰው ይጠይቋት። እናቴ ካለችዎ ቁጭ ብለው ያዳምጡ፤ ያንን ሥራ የሚያውቁ እጆች ከዛፉ ጋር እያነሱ ነው።