ከሐረር ቁልቁል፦ ብስክሌት፣ ሳሳ ያለ አየርና የጋለ ቸርኬ

ከተማሪዎቻችን አንዱ ክንዱን በፋሻ ጠቅልሎ ቢሯችን ድረስ መጣና አንድ ጥያቄ አቀረበልን። ከሐረር ተነሥቶ ወደ ድሬዳዋ በብስክሌት ሲወርድ፣ የደንገጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት አጋምሶ ሳለ የፊት ጎማው ፈነዳበት። ጎማው ላይ ሚስማርም ሆነ እሾህ አልተገኘም። የተነፋውም በዚያው ዕለት ጠዋት ነበር። «ደግሞም አልፈጠንኩም፤ ፍሬኑን ከላይ ጀምሮ ይዤ ነበር የምወርደው። ታዲያ ምን አፈነዳው?» አለን። መልሱ ራሱ በተናገረው የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር ውስጥ እንዳለ ብንነግረው አላመነንም። ይህ ጽሑፍ ለእርሱና እንደ እርሱ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ መኪና ሳይበዛ፣ በገጠር መንገድ ላይ መንዳት ለሚወዱ ወጣቶች የተዘጋጀ ነው።

አስቀድመን ስለ መሣሪያው ጥቂት እንበል። በጁገል ውስጥ ያለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ «መኪና ግርግር» የተባለው ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ የተነሣ ነው። የእግርን ረገጣ ወደ መሽከርከር የሚለውጠው ይህ መኪና ከብስክሌት ጋር የሚዛመደው በአሠራሩ ብቻ አይደለም። በእንግሊዟ ኮቨንትሪ ከተማ ብስክሌት መሥራት የጀመረው በ1860ዎቹ ማብቂያ (እ.ኤ.አ.) የስፌት መኪና ፋብሪካ ነበር። በዚያ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው የጄምስ ስታርሌይ የወንድም ልጅ፣ ጆን ኬምፕ ስታርሌይ፣ እ.ኤ.አ. በ1885 የኋላ መንኮራኩሩ በካቴና የሚነዳውን «ሮቨር» ብስክሌት አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1888 ደግሞ ጆን ዳንሎፕ በአየር ለሚነፋ ጎማ የፈጠራ መብት አገኘ። ካቴናና የተነፋ ጎማ ከተገናኙ በኋላ የእንግሊዝ ገጠር ጠባብ መንገዶች በብስክሌተኛ ተሞሉ። አገራችንም ከዚህ ስፖርት ሩቅ አይደለችም፤ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ኦሊምፒክ ብስክሌተኞቿን አሰልፋለች፣ ጽጋቡ ግርማይም እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል።

አሁን ወደ መንገዱ እንመለስ። በሜዳ ላይ የሚነዳ ሰው ሁለት ተቃዋሚዎች አሉት። አንደኛው የጎማና የመንገድ ሰበቃ ሲሆን ሁለተኛው አየር ነው። ሰበቃው ፍጥነት ቢጨምርም ብዙ አይለወጥም፤ ይልቁንም የሚወሰነው በመንገዱ ዓይነት ነው። በጁገል የድንጋይ ንጣፍ ላይ የነዳ ሰው ከበሩ ወጥቶ አስፋልት ሲረግጥ ልዩነቱን በእጁም በወገቡም ያውቀዋል። የአየር ተቃውሞ ግን ከፍጥነት ካሬ ጋር ያድጋል። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ተቃውሞው አራት እጥፍ፣ በየሰከንዱ የሚወጣው ኃይል ደግሞ ስምንት እጥፍ ይሆናል።

ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,885 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ሳሳ ያለ ነው። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት የአየር እፍጋት በባሕር ወለል ላይ በሜትር ኩብ 1.20 ኪሎ ግራም ያህል ሲሆን፣ በሐረር 0.96 ገደማ ነው። ብስክሌቱን ጨምሮ 80 ኪሎ ግራም የሚመዝን ነጂ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ፣ አየሩን ለመሰንጠቅ በባሕር ወለል 139 ዋት፣ በሐረር ግን 111 ዋት ይበቃዋል (ለጎማው ሰበቃ በሁለቱም ቦታ 33 ዋት ያህል ይጨመራል)። ቤልጂጋዊው ኤዲ መርክስ እ.ኤ.አ. በ1972 በአንድ ሰዓት ውስጥ 49.431 ኪሎ ሜትር ነድቶ ክብረ ወሰን ለመስበር ሜክሲኮ ሲቲን የመረጠው ስለዚህ ነበር። እርግጥ ነው፣ የሳሳው አየር ለሳንባ የሚሰጠው ኦክስጅንም ያንሳል፤ ሆኖም በደጋ ያደገ ሰው ይህን ዕዳ ከሞላ ጎደል ለምዶታል።

ቁልቁለቱ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ የአየር መሳሳት ጠላት ይሆናል፤ ምክንያቱም በነጻ ያገኘነው ፍሬን አየር ነበርና። ድሬዳዋ ከፍታዋ 1,200 ሜትር ገደማ ነው። ሐረርና ድሬዳዋ በከፍታ ስለሚለያዩ ብቻ የእኛ ባለ 80 ኪሎ ግራም ነጂ 540 ኪሎ ጁል ያህል እምቅ ኃይል ይዞ ይነሣል። በዚያ ላይ መንገዱ ከሐረር ወጥቶ በአወዳይ በኩል ወደ ሐረማያ ሲደርስ ወደ 2,000 ሜትር ስለሚወጣ፣ ነጂው ሌላ ዕዳ ጨምሮ ነው ቁልቁለቱን የሚጀምረው። ይህ ሁሉ ኃይል የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ወይ አየሩን ያሞቃል፣ ወይ ጎማና መንገዱን ያሞቃል፣ ወይ ደግሞ ፍሬኑንና ቸርኬውን። ሁለቱ የአልሙኒየም ቸርኬዎች በአንድነት 1 ኪሎ ግራም ቢመዝኑና 540 ኪሎ ጁሉን በሙሉ ቢውጡ፣ ነፋስ ባያበርዳቸው ኖሮ ሙቀታቸው በ600 ዲግሪ ይጨምር ነበር። ደግነቱ ነፋስ አለ፤ የኃይሉንም ድርሻ አየር ይወስዳል። ጥያቄው የትኛው ድርሻ ለማን ይደርሳል ነው።

100 ሜትር ስንጓዝ 6 ሜትር የሚወርድ ቁልቁለት እንውሰድ። ስበት ነጂውን የሚጎትትበት ጉልበት፣ የጎማው ሰበቃ ሲቀነስለት፣ 43 ኒውተን ያህል ነው። ነጂው ፍሬን ካልነካ ፍጥነቱ እየጨመረ ሄዶ በሰዓት 53 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ የአየር ተቃውሞ ከዚህ ጉልበት ጋር ይተካከልና ፍጥነቱ በዚያው ይረጋል። ያን ጊዜ ፍሬኑ አንዳች ሙቀት አይደርሰውም። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እንዲወርድ ፍሬኑን ከያዘ ቸርኬዎቹ በየሰከንዱ 211 ጁል፣ ማለትም 211 ዋት ይቀበላሉ። ወደ 30 ዝቅ ካለስ? 247 ዋት! አነሰ ሲባል በዛ። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ላይ ግን ወደ 166 ዋት ይወርዳል። ይህ ለብዙ ሰው እንግዳ ነው፤ እኛም መጀመሪያ ስናሰላው እርሳሳችንን አስቀምጠን ደግመን አይተነዋል። ፍሬኑ የሚቀበለው ኃይል የፍሬኑ ጉልበትና የፍጥነት ብዜት ስለሆነ፣ በጣም ስንፈጥን ጉልበቱ ያንሳል፣ በጣም ስንዘገይ ፍጥነቱ ያንሳል። ከፍተኛው ሙቀት የሚመጣው በመካከል ነው። ካልኩለስ የተማሩ አንባቢያን ይህ ነጥብ ነጻው ፍጥነት ለ3 ካሬ ሥር ሲካፈል የሚገኘው፣ ማለትም በሰዓት 31 ኪሎ ሜትር አካባቢ እንደሆነ ራሳቸው ሊያረጋግጡ ይችላሉ። ተማሪያችን «አልፈጠንኩም» ያለበት ፍጥነት ይኸው ነበር። ባለ 100 ዋት ሁለት አምፖሎችና ግማሽ ከቸርኬዎቹ ጋር አሥሮ ሲወርድ ነበር ማለት ነው።

ጎማውስ? ጠዋት በሐረር ብርድ፣ በ20 ዲግሪ፣ እስከ 6 አትሞስፌር ነፍቶታል። የውጪውን 0.8 አትሞስፌር ስንጨምርበት ፍጹም ግፊቱ 6.8 ይሆናል። የጎማው አየር 100 ዲግሪ ቢደርስ ግፊቱ በኬልቪን ሙቀት ልክ በ27 ከመቶ አድጎ ወደ 8.6 ይጠጋል፤ መለኪያው ላይም 8 ሊጠጋ ምንም አይቀረው። ይህ ብቻውን ደህና ጎማ ላያፈነዳ ይችላል። ነገር ግን በጋለ ቸርኬ ላይ የካላማዳሪያው መለጠፊያ ማጣበቂያ ይለሰልሳል፣ የጎማውም ጠርዝ ከቸርኬው ሊንሸራተት ይችላል። የተማሪያችን ካላማዳሪያ ሦስት ቦታ የተለጠፈ ነበር።

እንግዲያው ፍሬን ሳይነኩ በ53 መውረድ ይሻላልን? አይሻልም። በ53 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ ሰው አደጋ አይቶ እጁ ፍሬን እስኪጨብጥ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት፣ ከዚያም ፍጥነቱን በየሰከንዱ በ3 ሜትር በሰከንድ ቢቀንስ፣ እስኪቆም 51 ሜትር ያህል ይሄዳል። በ30 ግን 20 ሜትር ይበቃዋል። ከአወዳይ ጫት ጭነው ጊዜ የሚሻሙ መኪናዎች በሚከንፉበት፣ ከመጠምዘዣው ኋላ የፍየል መንጋ ሊኖር በሚችልበት መንገድ ላይ 51 ሜትር ብዙ ነው። የፊት ፍሬንን አጥብቆ መያዝም ወሰን አለው፤ ቅነሳው ከስበት ሽምጠጣ ግማሽ ገደማ ሲያልፍ ነጂው በመሪው ላይ ይገለበጣል።

የሚቀረው አካሄድ ቀላል ነው። ወገብን ቀና አድርጎ፣ ደረትን ለነፋስ ሰጥቶ መቀመጥ ነጻውን ፍጥነት ከ53 ወደ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ያወርደዋል፤ ልዩነቱን የሚከፍለው አየሩ ነው። ከዚያ ውጭ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ቀስ ብሎ መውረድና በየጥቂቱ ቆሞ ቸርኬውን ማቀዝቀዝ ነው። ለጀማሪዎች ግን ከሐረር በስተ ደቡብ ወደ ፈዲስ፣ ወይም በምሥራቅ ወደ ባቢሌ በሚወስዱት መንገዶች መጀመርን እንመክራለን፤ ከባቢሌ አልፎ የሚታዩት፣ አንዱ በሌላው ላይ የተቆለሉት የዳካታ ድንጋዮች ደግሞ ስለ ሚዛን ራሳቸውን የቻሉ ትምህርት ናቸው።

ከድሬዳዋ መመለስስ? ያው 540 ኪሎ ጁል በጡንቻ ይከፈላል። ከበሉት ምግብ ኃይል ወደ ፔዳሉ የሚደርሰው ሩቡ ገደማ ስለሆነ፣ ለከፍታው ብቻ 540 ኪሎ ካሎሪ ያህል ያስፈልጋል። ለመውጣት ብቻ 150 ዋት ማውጣት የሚችል ሰው አንድ ሙሉ ሰዓት ይፈጅበታል። ተማሪያችን ይህን ሰምቶ ብስክሌቱን በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭኖ መመለስ እንደሚመርጥ ነገረን። አሁን ሲወርድ ግን በየመጠምዘዣው ይቆማል፤ ጣቱን አርሶ አንዲት ጠብታ ቸርኬው ላይ ይጥላል፤ ጠብታዋ «ጭስ» ካለች ዛፍ ሥር ይቀመጣል።