ጎማላካ፦ የነፍሳት ሙጫ በአናጺ እጅ

ከባቱ ወደ አዳሚ ቱሉ በሚወስደው መንገድ ዳር ካሉት ግራሮች አንዱን ጠጋ ብለው ይመልከቱ። ቅርፊቱ የተላጠ እንደሆነ የማር ቀለም ያለው እንክብል እዚያው ላይ ደርቆ ሊያገኙ ይችላሉ። ወደ አፍ ጣል ቢያደርጉት ምራቅ ሲነካው ይለሰልሳል፣ ቀስ እያለም ይሟሟል። የግራር ሙጫ በከረሜላና በለስላሳ መጠጥ ፋብሪካዎች የሚፈለገው በዚህ ጠባዩ ነው። ለእንጨት ሥራ ግን ይኸው ጠባይ ነው የማይበጀው፤ በግራር ሙጫ የተወለወለ ጠረጴዛ ውሃ ሲፈስበት እጅ ላይ ይጣበቃል።

እንጨት የሚያስጌጠው ሙጫ ሌላ ነው። ጣሊያኖች ጎማላካ፣ እንግሊዞች ሼላክ ይሉታል። ዛፍ ላይ ይገኛል እንጂ የዛፍ አይደለም፤ ላክ የምትባል ትንሽ ነፍሳት የምታመነጨው ነው። አገሯ ህንድና ታይላንድ ሲሆን፣ በተለይ በህንድ የጃርካንድና የቻቲስጋር ገበሬዎች ያረቧታል። የሚመርጡላት ዛፍ አንዱ የእኛ ቁርቁራ የቅርብ ዘመድ ነው። ነፍሳቱ ያሉበትን ቅርንጫፍ ቆርጠው አዲስ ዛፍ ላይ ያስሩታል። ቀያይ ጫጩቶቹ በሺህ እየሆኑ ይፈልሱና ለጋ ቀንበጥ ላይ አፋቸውን ሰክተው ጭማቂ መምጠጥ ይጀምራሉ። ሴቷ አንዴ ከተተከለች አትንቀሳቀስም። ከገላዋ የሚወጣው ሙጫ ይሸፍናታል፤ የአንዷ ሽፋን ከጎረቤቷ ጋር እየተጋጠመ ቅርንጫፉ ሌላ ቅርፊት የለበሰ ይመስላል። ለአንድ ኪሎ ሙጫ በአስር ሺዎች፣ ምናልባትም በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ነፍሳት ያስፈልጋሉ።

ሽፋኑ ከቅርንጫፉ ይፋቃል፣ ይደቅቃል፣ ይታጠባል። እጣቢው ደም ይመስላል፤ ጥንት ጨርቅ የሚቀለምበት እሱ ነበር። የታጠበው ደርቆ በረጅም የጨርቅ ከረጢት ይሞላና ፍም ፊት ይጠመዘዛል፤ የቀለጠው ሙጫ ከጨርቁ ሾልኮ ይወጣል። በባህላዊው አሠራር አንድ ሰው ትኩሱን ሙጫ በእጁ፣ በእግሩ ጣቶችና በጥርሱ ይዞ እንደ ቆዳ ይወጥረዋል። ሲበርድ ይሰባበራል፤ ስብርባሪው የመቂን የሽንኩርት ልጣጭ ይመስላል፣ ቀለሙም ሳይቀር።

ይህ ሙጫ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ ጀርመን አገር የላኳቸው ተሰማ እሸቴ፣ እ.ኤ.አ. ከ1908 ጀምሮ በነበሩት ዓመታት በርሊን ውስጥ ዘፈናቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል። ስሙ ሸክላ ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን ሸክላ የሚሠራው የድንጋይ ዱቄት በዚሁ በጎማላካ ተጣብቆ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ የሙዚቃ ቅጂዎች አንዱን ይዘው ያቆዩልን እነዚያ የህንድ ነፍሳት ናቸው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይደንቀኛል።

ታዲያ ቁርቁራውም ግራሩም ካለን ነፍሳቷን ለምን አናመጣትም? እኔ በበኩሌ አይሁን ባይ ነኝ። የእርሷ ዘመድ የሆነችው የቀይ ቀለም ነፍሳት ኮቺኒል ለገቢ ተብላ ትግራይ ገባች፤ ከቁጥጥር ወጥታም የሕዝቡን በለስ አወደመች። ስብርባሪውን መግዛት ይሻላል።

አሁን ወደ እንጨቱ እንምጣ፤ ዋንዛ ይሁን እንበል። አንድ ሊትር ጠንካራ አልኮል ውስጥ ከ200 እስከ 250 ግራም ስብርባሪ ተጨምሮ ያድራል፤ ይነቀነቃል፣ በጨርቅ ይጠለላል። ብረት ያጠቁረዋልና ዕቃው ብርጭቆ ይሁን። ካቲካላ አይሆንም፤ ውሃው ይበዛበታል። የተበጠበጠው ወራት ካስቆጠረ ጠረጴዛው ላይ አልደርቅ ይላል፤ ስለዚህ በልክ መበጥበጥ ነው።

በብርጭቆ ወረቀት የለሰለሰውና አቧራው የተጠረገለት ዋንዛ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ጥጥ በእንቁላል መጠን ይድበለበልና ብዙ ጊዜ በታጠበ አሮጌ ነጠላ ይጠቀለላል፤ አዲስ ጨርቅ ብናኝ ይተዋል። ጥጡ ጎማላካውን ይጠጣል፣ ነጠላው ላይ አንድ ጠብታ ዘይት ይደረጋል፤ እንዳይዝ ነው። ከዚያ እጅ በክብ በክብ፣ ቀጥሎም እንደ ስምንት ቁጥር እየዞረ ይሄዳል። መቆም የለም፤ ጨርቁ አንድ ቦታ ከቆመ አልኮሉ ከሥር ያለውን ሽፋን ይልጠዋል። ሽፋኑ ከወረቀት ይስሳል፣ ስለዚህ ደጋግሞ መደራረብ ነው፤ ቀን ተሠርቶ ያድራል፣ በነጋታው እንደገና። በበጋ የባቱ አየር በደቂቃዎች ያደርቀዋል። በክረምት ግን እርጥበቱ ሽፋኑን ወተት ያስመስለዋል፤ ዝናቡ እስኪያባራ መታገስ ነው። ቀስ በቀስ የዋንዛው መስመር ከውስጥ ብርሃን እንደተበራለት ይወጣል። በብሩሽ የተለቀለቀ ቫርኒሽ ይህን ጥልቀት ሲሰጥ አላየሁም።

ድክመት አለው። ትኩስ ጀበና በቀጥታ ከተቀመጠበት ነጭ ክብ ይቀራል፤ አረቄ ከፈሰሰበት ይሟሟል። በመሟሟቱ ግን ይጠገናል። የነጣው ቦታ ላይ አልኮል በጥቂቱ የነካ ነጠላ በስሱ ሲታሽ ክቡ ይጠፋል። የተጫረም ካለ አዲሱ ጎማላካ አሮጌውን አሟሙቶ ከሱ ጋር አንድ ይሆናል፤ ከአያት የወረደ ሳጥን ዛሬ ቢታደስ አሮጌው የት እንዳበቃ፣ አዲሱ የት እንደጀመረ ጣት አይለየውም።