የሚመሰክርልዎ ማን ነው?

የቀይ አፈር ገበያ ሐሙስ ነው። ከበና፣ ከፀማይ፣ ከሐመርና ከአሪ የሚመጡ እናቶች ማሩን በቅል፣ ቅቤውን፣ የቡና ገለባውን ይዘው ከየአቅጣጫው ይሰበሰባሉ። ማር የምትገዛ እናት ታዲያ ቀምሳ ብቻ አትገዛም። ማሩ ሌላ ነገር ያልተቀላቀለበት መሆኑን ለማወቅ አጠገቧ ያለችውን ሴት «የዚችን ማር ታውቂዋለሽ ወይ?» ብላ ትጠይቃለች። የተጠየቀችውም ከዚህ ቀደም ገዝታ ከሆነ ያየችውን ትናገራለች፤ ካልገዛች «እኔ እንጃ» ትላለች። ለዘመድ ብላ መጥፎውን ማር ጥሩ ነው ያለች እንደሆነ፣ በሚቀጥለው ሐሙስ የሚያምናት የለም።

ውድ አንባቢያን፣ የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህች አጭር ጥያቄና መልስ ነው። ከማሩ እንውጣና የእርስዎን ሥራ እንውሰድ። ሥራዎን የሚያውቅ፣ ሲጠየቅም የሚመሰክርልዎ ማን ነው? ቃሉስ በወረቀት ላይ ሰፍሯል ወይስ ከአፍ አልወጣም?

ቀይ አፈር ከኮንሶ ወደ ጂንካ የሚሄደው መንገድ ወደ ዲመካና ቱርሚ ከሚታጠፈው ጋር የሚገናኝባት ከተማ ናት። በዚህም ምክንያት ሠራተኛዋ መጪና ሂያጅ ነው። መምህርቷ ወደ ጂንካ ትዛወራለች፤ ነርሷ ወደ አርባ ምንጭ ትሄዳለች፤ በመንገዱ ዳር ባለው ሆቴል ስታስተናግድ የቆየችው ወጣት አዲስ አበባ ትገባለች። ሁሉም ከአንዱ ቦታ ለቀው በሌላው ሲቀጠሩ የሚጠየቁት ያንኑ ነው።

እንበልና አንዲት እኅት በአንድ ሆቴል ሰባት ዓመት ምግብ አብስላለች። በሦስት ሰው ጀምራ ኋላ የወጥ ቤቱ ኃላፊ ሆናለች። በገበያ ቀን ለሚበዛው ሰው፣ ከውጭ አገር ለሚመጣው ጎብኚ፣ በጾም ቀን ለሚጾመውና ለማይጾመው ለየብቻ እያዘጋጀች ኖራለች። አንድ ቀን ባለቤቱ ሆቴሉን ሸጦ ወደ አገሩ ይሄዳል። አዲሱ ባለቤት የራሱን ሰዎች ያመጣል። እኅታችን ጂንካ ሄዳ ሥራ ስትጠይቅ «የሥራ ልምድ ማስረጃ አምጪ» ትባላለች። የላትም። የድሮ አሠሪዋ ስልክ አይሠራም። ስለዚህ ሰባቱ ዓመት እንዳልነበሩ ተቆጥረው በጀማሪ ደመወዝ ትቀጠራለች፤ ልጆቿን የምታሳድገውም በዚያው ነው። እጇ ግን ያው የሰባት ዓመት እጅ ነው።

ይህች እኅት ማወቅ የነበረባት አንድ ነገር አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአሠሪውን ግዴታዎች በሚዘረዝርበት በአንቀጽ 12 ላይ፣ የሥራ ውል ሲቋረጥ ወይም ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ አሠሪው የምስክር ወረቀት እንዲሰጥ ያዛል። ወረቀቱ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ሲከፈል የነበረውን ደመወዝ የሚገልጽ ሲሆን የሚሰጠውም ያለ ክፍያ ነው። «በጠየቀ ጊዜ» የሚለውን ልብ ይበሉ። ሥራ እስኪለቁ መጠበቅ አያስፈልግም። ተጣልቶ ከመለያየት፣ ሆቴሉ ከመሸጡ፣ ድርጅቱ ከመዘጋቱ በፊት በደህናው ቀን መጠየቅ ይቻላል። ብዙዎቻችን ይህን ወረቀት እንደ ስጦታ ቆጥረን አንገት ደፍተን እንለምነዋለን፤ የሕግ መብት ነው።

እርግጥ አዋጁ ሁሉንም አያቅፍም። በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ የቤት ሠራተኞች ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ስለሚሰጡ ከዚሁ አዋጅ ውጭ ናቸው። ስለ እነርሱ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሕጉ የሚያዘው ወረቀት ስንት ዓመት እንደሠሩ ይናገራል እንጂ እንዴት እንደሠሩ አይናገርም። «ጥሩ ናት» የሚለው ቃል በፈቃድ የሚሰጥ ነው። ቀድሞ ይህን ቃል የምናገኘው በድጋፍ ደብዳቤ ነበር፤ ዛሬም እንዲሁ ነው። ከዚህ ሌላ አሁን በስልክና በኮምፒዩተር የሚከፈቱ የሥራ ሰዎች መገናኛዎች መጥተዋል። ከእነዚህ ዋነኛው ሊንክድኢን እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ ለሕዝብ የተከፈተ ሲሆን፣ በ2016 ማይክሮሶፍት ገዝቶታል። በዚያ ላይ ሰው ትምህርቱንና የሠራበትን ቦታ ይጽፋል፤ ከሥሩም አብረውት የሠሩ ሰዎች የምስክርነት ቃል እንዲጽፉለት ይጠይቃል። በዚህ በደቡብ ኦሞ ጎብኚ የሚመሩ ወጣቶች፣ በዕርዳታ ድርጅት ለመቀጠር የሚያመለክቱ ነርሶችና ባለሙያዎች ቢጠቀሙበት የሚበጃቸው ነው፤ ጎብኚው አገሩ ከገባ በኋላም ቃሉን ሊጽፍ ይችላልና።

አሠራሩ ቀላል ነው። በመጀመሪያ ከሰውየው ጋር በመገናኛው ላይ መተዋወቅ ያስፈልጋል። ከዚያ ግንኙነታችሁ ምን እንደነበር፣ አለቃ ነበር ወይስ የሥራ ባልደረባ፣ በዚያን ጊዜም በምን ሥራ ላይ እንደነበራችሁ መርጠው ጥያቄውን ይልካሉ። የጻፈው ቃል ወዲያው ለሕዝብ አይታይም፤ እርስዎ አይተው ሲቀበሉት ነው የሚወጣው። ስሕተት ካለበት እንዲያርመው መጠየቅ ይችላሉ። የመስካሪው ስምና ሥራ ከቃሉ ጎን ስለሚታይ አንባቢው ማን እንደተናገረ ያውቃል። በዚሁ መገናኛ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ አንድ ጊዜ በመንካት ብቻ «ይህን ሙያ ታውቃለች» የሚያሰኝ ሌላ ዘዴም አለ። በበኩሌ ለዚህኛው ብዙ ክብደት አልሰጠውም። ምግብ ስታበስል አይቷት የማያውቅ ሰው ሳይቀር ይነካዋልና።

እንግዲህ ማንን እንጠይቅ? ብዙ ጊዜ የምንሮጠው ወደ ትልቁ ሰው ነው። ሥራ አስኪያጁ ወይም የዘመድ ወዳጅ የሆነው ባለሥልጣን እንዲጽፍልን እንፈልጋለን። እርሱ ግን ሥራችንን አላየም፤ ስለዚህ የሚጽፈው ለማንም የሚስማማ ደብዳቤ ይሆናል። ከርሱ ይልቅ በየቀኑ አጠገብዎ የነበረችው የቅርብ ኃላፊዎ ብትጽፍ ይሻላል። ሲጠይቁም «እባክዎን ደህና አድርገው ይጻፉልኝ» ብሎ ዝም ማለት አይበቃም። ከመቼ እስከ መቼ አብራችሁ እንደሠራችሁ፣ እንድታነሳልዎ የሚፈልጉትን አንድ ሁለት ሥራ፣ የሚያመለክቱበትን ቦታና መቼ እንደሚያስፈልግዎ ያስታውሷት። በተረፈም የእምቢታ በር ክፍት ይተዉላት። «የማይመችዎ ከሆነ አልቀየምም» ያለች ጠያቂ፣ ይሉኝታ ያስጻፈው ደብዳቤ አይደርሳትም።

አሁን ደግሞ እርስዎ የተጠየቁ እንደሆነ እንመልከት። በየመሥሪያ ቤቱ ፋይል ውስጥ ያሉትን የድጋፍ ደብዳቤዎች ያነበበ ሰው ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ይመስሉታል። ታታሪ፣ ታማኝ፣ ቅን፣ ሥራ ወዳድ፣ መልካም ሥነ ምግባር ያላት። እነዚህ ቃላት ከመብዛታቸው የተነሣ ጠርዛቸው አልቋል። ቀጣሪውም አንብቦ ያልፋቸዋል። በዚህ ፈንታ ያዩትን ይጻፉ። «ሁለት ዓመት ገንዘብ ተቀባይ ሆና ስትሠራ የቀን ሒሳቧ ጎድሎ አያውቅም» ማለት ከአምስት የሙገሳ ቃል ይበልጣል። ያላዩትን አይጻፉ። ሊያመሰግኗት የማይችሉ ከሆነም «እኔ ሥራሽን በቅርብ አላየሁትም» ማለት ከውሸት ደብዳቤ የበለጠ ውለታ ነው።

ይህ ነገር ወደ ቤታችን ሲገባ ደግሞ ዋጋው ከፍ ይላል። ጎረቤትዎ «ሞግዚት ፈልጊልኝ» ስትልዎ የምታስረክበው ሕፃን ነው። አንዲት ልጅ ከቤትዎ የወጣችው ሕፃን ብቻውን ጥላ ገበያ ስለሄደች ከሆነ፣ ያንን ደብቀው «ጎበዝ ናት» ማለት በሌላ እናት ልጅ መፍረድ ነው። ተቃራኒውም አለ። በደመወዝ ጥያቄ ተጣልታን የወጣችን ልጅ በየቡናው ላይ «ሌባ ናት» የምንል ስንቶቻችን ነን? ዛሬ ደግሞ ያ ወሬ በስልክ ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው በደቂቃ ይደርሳል። ልጅቷ መልስ የምትሰጥበት ቦታ የላትም፤ ወረቀት የላትምና።

ሳልጠቅስ የማላልፈው ሌላ ጉዳይ ደብዳቤውን መያዣ የሚያደርጉ አለቆች ናቸው። «ማታ ብቅ በይና እንነጋገርበታለን» የሚለው አነጋገር ለብዙ ሠራተኛ እኅቶች አዲስ አይደለም። ከላይ የጠቀስኩት አዋጅ ጾታዊ ትንኮሳን በሥራ ቦታ ይከለክላል። የአገልግሎት ማስረጃው መብት መሆኑን ማወቅ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ አለቃው የሚሸጠው የራሱን ንብረት አይደለም። ጥያቄውን በጽሑፍ አድርገው ለአስተዳደር ክፍሉ ማስገባትና ቅጂውን ማስቀረት ይቻላል። ያም ካልሠራ የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ የሚመለከተው የወረዳው ጽሕፈት ቤት አለ።

በምስክርነትና በዋስትና መካከል ያለውን ልዩነትም እንለይ። ገንዘብ ለሚይዝና ንብረት ለሚረከብ ሠራተኛ መሥሪያ ቤቶች ተያዥ ይጠይቃሉ። እኅትዎ ወይም የሠፈር ልጅ «ፈርሚልኝ፣ ደብዳቤ ነው» ብትልዎ ወረቀቱን ያንብቡት። ስለ ሥራዋ የሚመሰክር ከሆነ የሚጠየቁት ስለ ቃልዎ እውነትነት ነው። ተያዥ የሚያደርግዎ ከሆነ ግን ገንዘቡ ቢጎድል ከኪስዎ ይከፍላሉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1922 ላይ፣ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ ልክ ያልተገለጸበት ዋስትና ዋጋ እንደማይኖረው ደንግጓል። ስለዚህ መጠኑ ክፍት ሆኖ በቀረበልዎ ወረቀት ላይ አይፈርሙ። ለልጆችዎ የትምህርት ቤት ክፍያ ያስቀመጡት ገንዘብ ነው ነገ የሚጠየቀው።

ወደ ቤት ሠራተኞች ልመለስ። አዋጁ ስለማይሸፍናቸው ወረቀት እንዲሰጣቸው የሚያስገድድልን አጥተን ይሆናል፤ መስጠትን ግን የሚከለክለን የለም። ግማሽ ገጽ ይበቃል። ለምሳሌ እንዲህ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፦

«ወይዘሪት እገሊት ከመስከረም 2014 እስከ ሰኔ 2017 ዓ.ም. በቀይ አፈር ከተማ በቤቴ ሠርታለች። ምግብ ማብሰልና ሁለት ልጆቼን መጠበቅ ሥራዋ ነበር። ስትመጣ ትንሹ ልጄ የስምንት ወር ሕፃን ነበር። ሲታመም መድኃኒቱን በሰዓቱ ትሰጠው ነበር፤ እኔ ሥራ ላይ ሳለሁም ደውላ ትነግረኝ ነበር። እንጀራ መጋገር የተማረችው እኔ ቤት ነው፤ አሁን ከእኔ የተሻለ ትጋግራለች። የወጣችው የማታ ትምህርቷን ጂንካ ለመቀጠል ስለፈለገች ነው። ጠይቆ ለመረዳት የሚፈልግ በዚህ ስልክ ቢደውል እመልሳለሁ።»

ማኅተም የለዎትም፤ ግድ የለም። ቀኑን፣ ሙሉ ስምዎንና ስልክዎን ጽፈው ይፈርሙበት። በሁለት ቅጂ ያድርጉትና አንዱን እርስዎ ያስቀምጡት፤ የልጅቷ ሻንጣ በመንገድ ቢጠፋ ከእርስዎ ዘንድ ታገኘዋለች። ስልክ ካላት ፎቶግራፍ አንስታ ትያዘው። ማንበብ የማትችል ከሆነችም የጻፉትን ጮክ ብለው ያንብቡላትና በእጇ ይስጧት።