የጀግናው እውነተኛ ተፎካካሪ ማን ነው?



ጠላትና ተፎካካሪ የሚባሉት ሁለቱ ቃላት በዕለት ንግግራችን አንዱ በሌላው ቦታ ሲገባ ብዙ ጊዜ ይሰማል። ነገር ግን ትርጓሜያቸው እጅግ የተራራቀ ነው። ጠላት የምንለው እኛ እንድንጠፋ የሚሻውን ነው። ተፎካካሪ ግን እኛ በቆምንበት ሜዳ ቆሞ፣ እኛ የያዝነውን መሣሪያ ይዞ፣ ከእኛ ልቆ ለመገኘት የሚደክም ሰው ነው። ጠላት ብንወድቅ ደስ ይለዋል፤ ተፎካካሪ ብንወድቅ ራሱን የሚለካበትን ያጣል።

ይህን ልዩነት ለማስረዳት ዛሬ የምናቀርበው ምሳሌ ከነገሥታት ታሪክ የተወሰደ አይደለም። ልጆች በቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው ከሚጫወቱት የቪዲዮ ጨዋታ የተገኘ ነው። ጨዋታው «ስትሪት ፋይተር» ይባላል፤ የጎዳና ተፋላሚ ማለት ነው። ካፕኮም የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1987 ዓ.ም. ሳንቲም ሲገባበት በሚሠራ የጨዋታ መኪና አወጣው፤ ስድስተኛው ክፍል ደግሞ በ2023 ዓ.ም. ወጥቷል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

የጨዋታው ዋና ጀግና ሪዩ ይባላል። ነጭ የካራቴ ልብስ የሚለብስ፣ በባዶ እግሩ የሚሄድ፣ ከእርሱ የበረታ ሰው ለማግኘት አገር ላገር የሚዞር ጃፓናዊ ነው። ከሪዩ ጋር የሚፋለሙት ብዙዎች ናቸው። ታዲያ ከእነዚህ መካከል እውነተኛው ተፎካካሪው ማን ነው? ጨዋታውን የሚያውቁ ሰዎች በዚህ ጥያቄ ሲከራከሩ አራት ስሞች ይነሣሉ። እስቲ አራቱንም በየተራ እንመርምር።

የመጀመሪያው ባይሰን ነው። በ1991 ዓ.ም. በወጣው ሁለተኛው ክፍል የመጨረሻው ተጋጣሚ እርሱ ሲሆን፣ ሻዳሉ የተባለ የወንጀለኞች ማኅበር አለቃ ነው። ኃይሉ ብርቱ፣ ክፋቱም የታወቀ ነው። ነገር ግን ቹን ሊ የተባለችው ተፋላሚ የአባቷን ደም፣ ጋይል የተባለውም ወታደር የጓደኛውን ደም ከእርሱ ይሻሉ። እንግዲህ ባይሰን የሁሉ ጠላት እንጂ ለሪዩ ለብቻው የተመደበ አይደለም። ሪዩም ድል ካደረገው በኋላ የአሸናፊነቱ ክብር ሲሰጥ በቦታው አይገኝም፤ የመጀመሪያው መቆሚያ ባዶውን ቀርቶ እርሱ ጀንበር ወደምትጠልቅበት መንገዱን ይቀጥላል። ልቡ በዚያ ድል አልረካም ማለት ነው።

ሁለተኛው አኩማ ነው። በ1994 ዓ.ም. በወጣው ጨዋታ ውስጥ ተሰውሮ ይቆይና፣ በድንገት ብቅ ብሎ ባይሰንን በአንድ አፍታ ይጥልና በቦታው ይቆማል። አኩማ የሪዩ መምህር የጎኬን ወንድም ሲሆን፣ ኃይልን ከመሻቱ የተነሣ ለመግደል መንፈስ ራሱን የሰጠ ሰው ነው። ያው መንፈስ በሪዩም ውስጥ አለ። ስለዚህ ሪዩ አኩማን ሲያይ የሚፈራው የራሱን መጨረሻ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ፈተና ይባላል፤ ተፎካካሪ ለመባል ግን አይበቃም።

ሦስተኛው ሳጋት ነው፤ እዚህ ላይ ፍርዱ ከባድ ይሆናል። ሳጋት አንድ ዓይኑ የተሸፈነ፣ ቁመቱ እጅግ የረዘመ የታይላንድ ቦክሰኛ ሲሆን፣ በ1987ቱ ጨዋታ የመጨረሻው ተጋጣሚ ነበር። ሪዩ ከታች ወደ ላይ እየዘለለ በሚሰነዝረው ቡጢ አሸነፈው፤ የዚያም ምት ጠባሳ በደረቱ ላይ ቀረ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የወጡት ክፍሎች ወደ ኋላ ተመልሰው ሲተርኩ፣ ያ ድል የተገኘው ሪዩ ለዚያ ለጨለማው መንፈስ ተሸንፎ እንደ ነበር ይገልጻሉ። ስለዚህ አንዱ ጠባሳውን፣ ሌላው ጸጸቱን ተሸክሞ ይኖራል። ተፎካካሪው ሳጋት ነው የሚሉት ሰዎች ያለ ምክንያት አልተናገሩም። ሆኖም ሳጋትን ከሪዩ ጋር ያስተሳሰረው በመጀመሪያ ቂም ነው። ቂም ያለፈውን ቀን ሒሳብ ይጠይቃል እንጂ ስለሚመጣው ቀን አያስብም። ሳጋት ራሱ ይህን ተረድቶ በኋለኞቹ ክፍሎች ጥላቻውን መተዉ ለዚህ ምስክር ነው።

አራተኛው ኬን ነው። የሪዩ የልብ ወዳጅ ስለ ሆነ ብዙዎች ከቁጥር አያስገቡትም። ነገር ግን ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። በ1987 ዓ.ም. በወጣው መኪና ሳንቲም ጨምሮ የሚጀምረው ሰው ሪዩን ይይዛል፤ ሌላ ሰው መጥቶ ከጎኑ ሲቆም ደግሞ ኬንን ይይዛል። ሌሎቹን ተጋጣሚዎች ሁሉ የሚያንቀሳቅሳቸው መኪናው ነው። እንግዲህ ኬን የተፈጠረው ወዳጅ ከወዳጁ ጋር ይፎካከር ዘንድ ነው።

በ1991ዱም ጨዋታ ሁለት ሰዎች አንዱን ተፋላሚ በአንድነት መምረጥ አይችሉም ነበር። ስለዚህ በእኩል መሣሪያ ለመጋጠም የፈለጉ ሰዎች አንዱ ሪዩን፣ ሌላው ኬንን ይይዛሉ። ሁለቱ ከአንድ መምህር የተማሩ በመሆናቸው ከመዳፍ የሚወረወረው የኃይል ነበልባል፣ ወደ ላይ የሚሰነዘረው ቡጢና እየተሽከረከሩ የሚራገጡት እርግጫ በሁለቱም ዘንድ አንድ ዓይነት ነበር። የተሸነፈው ሰው «መሣሪያህ ከእኔ ይበልጣል» ብሎ ማመካኘት አይችልም። ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ሠሪዎቹ ጥቂት በጥቂት ለያዩአቸው፤ የኬን ቡጢ ራቅ ብሎ የሚሄድ ሆነ። ኑሯቸውም እንዲሁ ተለያየ። ኬን የአሜሪካ ባለጸጋ ልጅ ነው፤ ሚስት አገባ፣ ልጅም ወለደ። ሪዩ ግን ቤት የለውም። ከአንድ ትምህርት ሁለት ዓይነት ሕይወት እንደሚወጣ አንዱ ለሌላው ያሳየዋል።

ሪዩ በሳጋት ላይ ስላገኘው ድል ልቡ በተናወጠ ጊዜም የደረሰለት ኬን ነው። በ1996ቱ ክፍል ኬን ፀጉሩን ያስርበት የነበረውን ቀይ ጥብጣብ ፈትቶ ይሰጠዋል። ሪዩ በግንባሩ ላይ የሚታወቅበት ቀዩ ማሰሪያ ይኸው ነው። ከሳጋት የተረፈው ምልክት ጠባሳ ሲሆን፣ ከኬን የተገኘው ምልክት ስጦታ ነው። ስለዚህ ፍርዳችን ለኬን ነው።

አንባብያን ሆይ፣ እናንተም በየመሥሪያ ቤታችሁ ይህንኑ ጥያቄ ራሳችሁን ብትጠይቁ አይከፋም። የምትፈሩት አለቃ ተፎካካሪያችሁ አይደለም። አንድ ጊዜ በዕድገት የቀደማችሁና እስከ ዛሬ የምታቄሙበት ሰውም አይደለም። ተፎካካሪያችሁ ምናልባት ከእናንተ ጋር በአንድ ዓመት የተቀጠረው፣ ከአንድ አለቃ ሥራ የተማረው፣ በአጠገባችሁ ጠረጴዛ የተቀመጠው ባልደረባችሁ ይሆናል። የእርሱ መዝገብ በደንብ ተሰናድቶ ስታዩ የራሳችሁን መልሳችሁ ትከፍታላችሁ። ይህን ሰው እንደ ጠላት ቆጥራችሁት ከሆነ፣ ነገ ጧት ቢሮ ስትገቡ አስቀድማችሁ ሰላምታ ስጡት።