«ዓይነ ስውር ስማርት ስልክ ምን ያደርግለታል?»፦ ተረትና እውነታ

ይህን የሚጠይቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ክፉ ሐሳብ የለውም። ስማርት ስልክ ሲባል ስክሪን፣ ስክሪን ሲባል ዓይን ይመጣበትና ሐሳቡን እዚያው ያቆማል። እኔን የሚያናድደኝ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው፤ ቀጣሪውም፣ የባንክ ሠራተኛውም፣ መምህሩም ከዚሁ ግምት ተነስተው «አይችልም» ብለው ይወስናሉ። ስለዚህ ደጋግመን የምንሰማቸውን አባባሎች ከእውነቱ ጋር ማስተያየት ይገባል።

ተረት፦ የማያይ ሰው ተች ስልክ መጠቀም አይችልም

አፕል እ.ኤ.አ. በ2009 ቮይስኦቨር የተባለውን ስክሪን ሪደር (ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም) በአይፎን 3ጂኤስ ላይ ሲጭን ይህ ክርክር አብቅቷል። አንድሮይድ ስልኮችም ቶክባክ የሚባል አላቸው። ለሁለቱም የሚከፈል ነገር የለም። ጣት ስክሪኑን ሲነካ ስልኩ የተነካውን ነገር ስም ይናገራል እንጂ አይከፍተውም፤ ለመክፈት ቶሎ ቶሎ ሁለቴ መንካት ያስፈልጋል። ጣትን ወደ ቀኝ ጠረግ ሲያደርጉት ወደሚቀጥለው፣ ወደ ግራ ሲያደርጉት ወዳለፈው ይሄዳል። ስክሪኑን ጨርሶ ማጨለምም ይቻላል፤ ያኔ አጠገብ የተቀመጠ ሰው አጮልቆ መልእክት ማንበብ አይችልም።

ታክሲ ውስጥ አንድ ዓይነ ስውር ተሳፋሪ ስልኩን ሲጠቀም በቅርበት ብታዩት፣ ማዳመጫውን የሚሰካው በአንድ ጆሮው ብቻ ነው። ሌላኛው ለረዳቱ ጥሪና ለመውረጃው ክፍት መሆን አለበት። በማዳመጫው የሚመጣው ንግግር ደግሞ ያልለመደ ሰው አንድም ቃል በማይለይበት ፍጥነት የሚሮጥ ነው። ይህ ከተፈጥሮ የተሰጠ ልዩ ጆሮ አይደለም፤ በልምምድ የመጣ ችሎታ ነው።

ከሁሉ በላይ የገንዘቡን ነገር ልብ በሉ። በጥሬ ብር ሲገበያዩ ብዙዎች መቶውን በአንድ መንገድ፣ ሁለት መቶውን በሌላ መንገድ አጥፈው ይይዛሉ፤ መልሱን ግን ሰው አምነው ይቀበላሉ። በሞባይል ገንዘብ ሲከፈል የማረጋገጫ መልእክቱ በጽሑፍ ስለሚመጣ ምን ያህል እንደወጣና ምን ያህል እንደቀረ ስልኩ በጆሮ ይነግራል። የኪሱን ልክ ለማወቅ ሌላ ሰው መጠየቅ የቀረለት ሰው ምን ያህል እፎይ እንደሚል መገመት አያዳግትም።

ተረት፦ ይህን ሁሉ የሚያዩ ሰዎች ለማያዩ ሰዎች አስበው ሠሩላቸው

የሚያዩ መሐንዲሶች ድርሻ እንዳላቸው አይካድም። ከዋና ዋናዎቹ መሣሪያዎች ብዙዎቹ ግን ከዓይነ ስውራን እጅ የወጡ ናቸው። ሉዊ ብሬል የነጥብ ጽሑፉን እ.ኤ.አ. በ1829 ሲያሳትም ገና የ20 ዓመት ወጣት ነበር። በኮምፒውተር ላይ ስሙ የገነነውን ጃውስ የተባለ ስክሪን ሪደር የጀመረው በመኪና አደጋ ዓይኑን ያጣው አሜሪካዊው ቴድ ሄንተር ነው። ጽሑፍና ፎቶን በድምፅ የሚገልጸውን የማይክሮሶፍት መተግበሪያ ሲኢንግ ኤአይን የመራው ሳቂብ ሼክ በልጅነቱ ዓይኑን ያጣ ኢንጂነር ነው።

ለእኛ ግን ከሁሉም የሚበልጠው የሁለቱ አውስትራሊያውያን ሥራ ይመስለኛል። ማይክል ከራንና ጄምስ ቴ ሁለቱም ዓይነ ስውራን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረውን ኤንቪዲኤ የተባለ ስክሪን ሪደር ማንም ሰው ያለ ክፍያ አውርዶ እንዲጠቀምበት አደረጉ። የጃውስ ፈቃድ በዶላር የሚገዛ ነው፤ በብር ደመወዝ ለሚኖር ሰው ወይም ለአንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው። ኤንቪዲኤ ይዞት የሚመጣው ኢስፒክ የተባለ የድምፅ ፕሮግራም አማርኛም ያነባል። ድምፁ ደረቅ ነው፣ ይጎረብጣል፤ ግን ያነባል።

ተረት፦ ዓይነ ስውር ሁሉ የሚኖረው በድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ነው

ብዙዎች ብርሃን ይለያሉ፣ ጥላ ያያሉ፣ ወይም ፊደል ሲጎላላቸው ያነባሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በኢትዮጵያ የተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ እይታው የደከመ መሆኑን አሳይቷል። ለሁለተኞቹ ፊደል ማጉላትና የቀለም ንፅፅር መጨመር ብቻውን ትልቅ ነገር ነው። ያው ጥናት ከዓይነ ስውርነቱ ግማሽ ያህሉን ያመጣው የዓይን ሞራ መሆኑንም አግኝቷል። የዓይን ሞራ ደግሞ በቀዶ ሕክምና ይወገዳል። ለእነዚህ ሰዎች ቀድሞ ሊደርስላቸው የሚገባው ሐኪም ነው፤ ስልኩ ይቆይ።

ተረት፦ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ዓይን ሆነላቸው

የሚያነብ ማሽን ትናንት የመጣ አይደለም። ሬይ ከርዝዌል እ.ኤ.አ. በ1976 ለሕዝብ ያሳየው የመጀመሪያው መሣሪያ የታተመ ጽሑፍ ወደ ድምፅ ይለውጥ ነበር፤ ግዝፈቱ ግን የልብስ ማጠቢያ ማሽን ያህል ነበር። ዛሬ ያ ሥራ በኪስ ስልክ ይሠራል፤ በዚያ ላይ ፎቶን በቃላት መግለጽ ተጨምሯል። ቢ ማይ አይስ የተባለው መተግበሪያ እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ ሲጀምር ዓይነ ስውሩን በቪዲዮ ከሚያይ በጎ ፈቃደኛ ጋር ያገናኝ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ፎቶውን ሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) እንዲገልጽም አድርጓል። ጠዋት ሸሚዙና ሱሪው ይሄዱ እንደሆነ፣ የታሸገው ምግብ ጊዜው አልፎ እንደሆነ፣ ልጁ ከትምህርት ቤት ያመጣው ወረቀት ምን እንደሚል ሰው ሳያስቸግሩ መጠየቅ ተችሏል። ትልቅ ነገር ነው፤ ላሳንሰው አልፈልግም።

ነገር ግን ይህ ማሽን ሲሳሳትም ድምፁ አይለወጥም። የሌለ ነገር አለ ሊል፣ ቁጥር ሊያዛባ ይችላል፤ የሚያይ ሰው ስህተቱን ወዲያው ይይዘዋል፣ የማያይ ሰው ግን ያንን ዕድል አያገኝም። የሠሩት ሰዎች ራሳቸው መንገድ ለማቋረጥም ሆነ ለመድኃኒት ጉዳይ አትመኩበት ብለው ያስጠነቅቃሉ። ልምድ ያላቸው ተጠቃሚዎች ፎቶውን በሌላ አቅጣጫ ደግመው ያነሳሉ፣ «ከላይ በቀኝ ያለው ቁጥር ስንት ነው?» ብለው ለይተው ይጠይቃሉ፣ በእጃቸውና በአፍንጫቸው ያመሳክራሉ፤ ነገሩ ከባድ ከሆነ ሰው ይጠራሉ። የመታወቂያ ወይም የባንክ ወረቀት ፎቶ ወደ ሌላ ሰው ኮምፒውተር እንደሚሄድም ያውቃሉ።

አማርኛ ሲሆን ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ጽሑፋችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «አለ» ሲል ተናገረ ማለት ነው ወይስ ይገኛል ማለት ነው የሚለውን ማሽኑ ከዙሪያው ካሉት ቃላት መገመት አለበት፤ ሲስት አድማጩ በልቡ እያረመ ይሰማል።

ተረት፦ ብሬልና ነጭ በትር ጊዜያቸው አለፈ

አላለፈም። መስማት ማንበብን አይተካም፤ በጆሮው ብቻ የተማረ ልጅ ቃሉ እንዴት እንደሚጻፍ አያውቅም። በአማርኛ ብሬል አንዱ ፊደል አብዛኛውን ጊዜ ተነባቢውና አናባቢው ተለያይተው በሁለት ምልክት ይጻፋል፤ ልጁ የፊደሉን አሠራር በጣቱ ጫፍ ይማረዋል። ነጭ በትሩም ቢሆን ክዳኑ የተነሳ ቱቦ ከእግር በፊት ያገኛል። ቻርጅ አያልቅበትም፤ ኔትዎርክም አይጠይቅም።

ተረት፦ መሣሪያው ካለ ችግሩ ተፈቷል

አሁን የቀረው እንቅፋት በአብዛኛው ያለው በእኛ በኩል ነው። መሥሪያ ቤቶች የሥራ ማስታወቂያውን ማኅተም ካለበት ወረቀት ላይ ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ይለቁታል፤ ስክሪን ሪደሩ ከዚያ ሁሉ ጽሑፍ የሚያወጣው «ፎቶ» የሚል አንድ ቃል ነው። ኤአዩ የታተመውን ሊያነበው ይሞክራል፤ የማመልከቻውን የመጨረሻ ቀን በግምት ላይ መጣል ግን አይገባም። ጽሑፉን ከፎቶው ሥር መለጠፍ የደቂቃ ሥራ ነው። በመጻሕፍት በኩልም ሰበብ የለም፤ መጻሕፍትን ለማያዩ ሰዎች ያለ ባለመብቱ ፈቃድ በብሬልና በድምፅ ለማዘጋጀት የሚያስችለውን፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የተፈረመውን የማራኬሽ ስምምነት ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2020 አጽድቃዋለች፤ ስለዚህ ሕጉ በር ከፍቷል።

የመተግበሪያ ሠሪዎችስ? በምስል ብቻ የተሠራ፣ ስም ያልተጻፈለት ቁልፍ በቶክባክ ሲነካ «በተን» ይላል፤ ቀጣዩም «በተን»፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለውም «በተን»። የቱ ይልካል? የቱ ይሰርዛል? መተግበሪያውን የሠራው ባለሙያ ለሕዝብ ከመልቀቁ በፊት ቶክባክን ከፍቶ፣ ዓይኑን በጨርቅ ሸፍኖ፣ ለጓደኛው አንድ መቶ ብር ለመላክ ይሞክር። የትኛው ቁልፍ ስም እንደሌለው እዚያው ያውቃል፤ ማስተካከያውም በኮዱ ውስጥ አንድ መስመር መጻፍ ነው።