ከወንዙ ሥር ነዳጅ የሚበሉት እነማን ናቸው?

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2010 በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት፣ ማርሻል ከተማ አጠገብ የኤንብሪጅ ኩባንያ የነዳጅ ማስተላለፊያ ቱቦ ፈነዳ። አደጋው እስኪታወቅ 17 ሰዓት አለፈ። በዚህ ጊዜ ከ3 ሚሊዮን ሊትር በላይ ነዳጅ ፈሰሰ፤ ብዙውም በአንድ ጅረት በኩል ወደ ካላማዙ ወንዝ ገባ።

የፈሰሰው ተራ ድፍድፍ አልነበረም። በቱቦ ውስጥ እንዲሄድ በቀላል ነዳጅ የቀጠነ የካናዳ ሬንጅ ነው። ማቅጠኛው ሲተን ሬንጁ ከደለል ጋር እየተጣበቀ ወደ ወንዙ ወለል ሰመጠ። ያን ጊዜ ከባድ ጥያቄ ተነሣ፦ ወለሉ ይጠረግ ወይስ ለባክቴሪያዎች ይተው? መጥረጉ በደለሉ ውስጥ የሚኖረውን ሕይወት ሁሉ ይነቅላል። መተዉ ደግሞ የሚያዋጣው በእርግጥ የሚበላ ካለ ብቻ ነው።

ነዳጅ የሚበሉ ባክቴሪያዎች እንዳሉ ከታወቀ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። ፕሴዶሞናስ፣ አሲኔቶባክተርና ሮዶኮከስ በብዙ ወንዞችና አፈሮች ውስጥ ይገኛሉ። ቀዳሚው የመለያ ዘዴ ቀላል ነው፦ ጨውና ማዕድን ባለበት ውኃ ላይ ነዳጅ ጠብ ተደርጎ ናሙናው ይጨመርበታል። ሌላ ምግብ ስለሌለ ነዳጁን መብላት የቻለው ብቻ ይራባል። ይሁን እንጂ አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች በቤተ ሙከራ ስለማይራቡ ይህ ዘዴ ብዙዎቹን ያስቀራል።

ስለዚህ ተመራማሪዎች ዲ ኤን ኤውን በቀጥታ ከውኃውና ከደለሉ ያወጣሉ። 16 ኤስ የሚባለው ዘረመል በናሙናው ውስጥ እነማን እንዳሉ ይነግራል፤ ምን እንደሚሠሩ ግን አይነግርም። ለዚህ አልክ ቢ የተባለው ዘረመል ይፈለጋል። በእሱ ትእዛዝ የሚሠራው ኢንዛይም ኦክስጅንን ከነዳጁ ሞለኪውል ጋር በማያያዝ መፍረሱን ያስጀምራል። ዘረመሉ መኖሩም ቢሆን ሥራ ላይ መዋሉን አያረጋግጥም። ቁርጡን ለማወቅ ከባድ ካርቦን፣ ማለትም ካርቦን 13፣ ያለው ነዳጅ ይቀርብላቸዋል። የበሉት ባክቴሪያዎች ዲ ኤን ኤ ይከብዳል፤ በከፍተኛ ፍጥነት ሲሽከረከርም ከሌላው ተለይቶ ይወጣል።

በደለል ውስጥ ነገሩ ይለወጣል። ከላይኛው ስስ ንጣፍ በታች ኦክስጅን የለም ለማለት ይቻላል፤ ስለዚህ አልክ ቢን ብቻ የፈለገ ሰው የዚያን ስፍራ ነዋሪዎች ያጣቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1991 የጀርመን ተመራማሪዎች ያለ ኦክስጅን፣ በሰልፌት እየተነፈሰ ነዳጅ የሚበላ ባክቴሪያ መኖሩን አሳይተዋል። እንዲህ ያሉት ግን የሚሠሩት እጅግ በዝግታ ነው።

ቀጥሎ መመርመር ያለበት ነዳጁ ራሱ ነው። ሄፕታዴኬንና ፕሪስቴን የተባሉ ሁለት የነዳጅ ውሕዶች ተቀራራቢ በሆነ ፍጥነት ይተናሉ፤ ባክቴሪያዎች ግን ቀጥተኛውን ሄፕታዴኬንን ያስቀድማሉ። እሱ ከፕሪስቴን ይልቅ ከቀነሰ፣ ተበልቷል እንጂ ተንኖ ብቻ አልጠፋም።

የካላማዙ ችግር እዚህ ላይ ጎልቶ ይታያል። የካናዳው ሬንጅ ከመሬት በታች ሳለ ባክቴሪያዎች በረጅም የምድር ዘመን የሚስማማቸውን በልተው የተዉት፣ የማዕድ ትራፊ ነው። በወንዙ ያሉት ዘመዶቻቸው ማቅጠኛውን ቢበሉም፣ ቀድሞ የተናቀውን ቅሪት በአጭር ጊዜ ይጨርሱታል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲም እ.ኤ.አ. በ2013 ኩባንያው ነዳጅ ከተከማቸባቸው የወንዙ ክፍሎች ደለሉን ጠርጎ እንዲያወጣ አዘዘ።

“ወንዝ ራሱን ያጠራል” የሚል ቃል ከነዳጅ አፍሳሹ ወገን ሲመጣ ልንጠይቅ የሚገባን ይህንን ነው፦ የትኛው ባክቴሪያ፣ የትኛውን ውሕድ፣ ኦክስጅን ባለበት ወይስ በሌለበት? መልስ በናሙና ካልቀረበ ያ ቃል የጽዳትን ወጪ በወንዙ ዳር በሚኖረው ሕዝብ ላይ መጫን ነው።