አሮጌ ቴላዮ፣ አዲስ ፎርኬላ፣ በመካከላቸው አስማሚ

የሞተር ሳይክልን መሪ ወደ አንድ ወገን እስከ መጨረሻው አዙሮ አንገቱ ላይ የተጋገረውን አቧራና ዘይት በጨርቅ የጠረገ ሰው፣ በብረቱ ላይ የተመታ ቁጥር ያገኛል። ከ1981 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለአሜሪካ ገበያ የቀረበ ከሆነ የሻንሲ ቁጥሩ 17 ፊደልና አኃዝ አለው። የመጀመሪያው ምልክት የትውልድ አገሩን ይናገራል፤ ጃፓን የተሠራው በእንግሊዝኛው «ጄ» ይጀምራል፣ አሜሪካ የተሠራው ደግሞ በ«1»። ኮሎምበስ ኦሃዮ ውስጥ በየጋራዡ ጥግ ሸራ ለብሶ የቆመ የ1980ዎቹ ሆንዳ ጎልድ ዊንግ ካያችሁ ቁጥሩን ተመልከቱ። በ1 የሚጀምር ከሆነ የተወለደው እዚሁ ጎረቤት ነው።

ሜሪስቪል ከኮሎምበስ ወደ ሰሜን ምዕራብ በ33 ቁጥር አውራ ጎዳና 50 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ሆንዳ እዚያ የሞተር ሳይክል ፋብሪካ እንደሚያቋቁም ያስታወቀው በ1977 ነበር። ሴፕቴምበር 10 ቀን 1979 በ64 ሠራተኞች ምርት ሲጀምር መጀመሪያ ያወጣው ሲአር 250 አር የተባለ ቀላል የጭቃ መወዳደሪያ ነው። በ1980 ትልቁ ጎልድ ዊንግ ተከተለ። ዛሬ ለብዙ የኦሃዮ ቤተሰብ እንጀራ የሆነው የመኪና ፋብሪካ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ በኖቬምበር 1982 ከዚያው የወጣችው አኮርድ አንድ የጃፓን መኪና አምራች በአሜሪካ ምድር የሠራት የመጀመሪያዋ መኪና ሆነች። በ1985 አና በምትባለው የኦሃዮ ከተማ የተከፈተው የሞተር ፋብሪካም ሥራውን የጀመረው ለጎልድ ዊንግ ሞተር በመሥራት ነበር። የሜሪስቪል የሞተር ሳይክል ምርት በ2009 ቆመ። ስለዚህ የኦሃዮ ተወላጅ የሆኑት ጎልድ ዊንጎች ቁጥር ከእንግዲህ አይጨምርም። ይህ ጽሑፍ ከእነዚህ አሮጌዎች አንዱን ይዞ፣ ዘመናዊ ፍሬን፣ ዘመናዊ ፎርኬላ (የፊት ጎማውን የሚይዝ ሹካ) እና ዘመናዊ ኤሌክትሪክ ሰጥቶ ወደ መንገድ የመመለስን ሙያ ያስተዋውቃል።

የቮልስ ዘመድ

አዲስ አበባ ውስጥ የቮልስ ኮፈን ከኋላ ተከፍቶ ያየ ሰው የመጀመሪያዎቹን ጎልድ ዊንጎች ሞተር ለመረዳት ግማሹን መንገድ ሄዷል። ሁለቱም አራት ሲሊንደር አላቸው፤ ሁለቱ በግራ፣ ሁለቱ በቀኝ ተጋድመው ይተኛሉ። ፒስተኖቹ ፊት ለፊት ስለሚሄዱና ስለሚመለሱ የአንዱን ንቅናቄ ሌላው ይሽረዋል፤ ሞተሩም ሳይንዘፈዘፍ ይዞራል። ልዩነታቸው ማቀዝቀዣው ላይ ነው። ቮልስ በነፋስ ይበርዳል፣ ጎልድ ዊንግ ግን ከፊት ጎማው ጀርባ ራዲያተር ተሸክሟል።

በ1975 የወጣው የመጀመሪያው ጎልድ ዊንግ፣ ጂኤል 1000፣ የ999 ሲሲ ሞተር ነበረው፤ ሜሪስቪል የጀመረችው ጂኤል 1100 ደግሞ 1,085 ሲሲ። ኃይሉ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው በካቴና ሳይሆን በዘንግ ነው። ሌላው ልዩ ጠባዩ ነዳጁ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። በነጂው ጉልበቶች መካከል ታንክ የሚመስለው ነገር ክዳን ብቻ ሲሆን ውስጡ የአየር ማጣሪያና የኤሌክትሪክ ዕቃ ይዟል። እውነተኛው ታንክ ከመቀመጫው ሥር ነው። መሐንዲሶቹ ይህን ያደረጉት ክብደቱ ወደ መሬት እንዲቀርብ ነበር። ዛሬ መጋዝ ይዞ የኋላውን ቴላዮ (የብረት አጽሙን) ሊያሳጥር ለሚነሳ ሰው ግን ይህ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ነው። በሌሎች ሞተር ሳይክሎች ላይ በቀላሉ የሚቆረጠው የመቀመጫ ሥር፣ እዚህ ነዳጅ ተሸክሞ ይገኛል።

ሙያው ከየት መጣ?

ያረጀን ሞተር ሳይክል እንደ ራስ ፍላጎት መልሶ መሥራት በአሜሪካ የቆየ ልማድ ነው። በዓለም ዙሪያ ያሳወቀው በ1969 የወጣው «ኢዚ ራይደር» ፊልም ሲሆን፣ ፊልሙ ላይ የታዩትን ረጃጅም ፎርኬላ ያላቸው ሞተር ሳይክሎች በመሥራቱ ሥራ ክሊፍ ቮግስና ቤን ሃርዲ የተባሉ ሁለት ጥቁር አሜሪካውያን ዋና ድርሻ ነበራቸው። መነሻቸው ፖሊስ ተጠቅሞ የጣላቸው ሃርሊዎች ነበሩ። ፊልሙ ሲወደስ የሁለቱ ስም ለብዙ ዓመታት ሳይነሳ ቀረ፤ ዛሬ ግን የሙያውን ታሪክ የሚናገር ሰው ሊዘላቸው አይገባም።

ኮሎምበስም ለዚህ ባህል ባዕድ አይደለችም። ኤ.ዲ. ፋሮው የተባለው የሃርሊ ሻጭ በ1912 ሥራ ከጀመረ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎታል። በ1924 የተመሠረተው የአሜሪካ ሞተር ሳይክል ነጂዎች ማኅበር የዝና አዳራሽ ሙዚየሙን ያቆመው በከተማዋ ምሥራቅ ባለችው ፒከሪንግተን ነው። በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ደግሞ በሌክሲንግተን ኦሃዮ፣ ሚድ ኦሃዮ በተባለው የእሽቅድድም ሜዳ፣ ማኅበሩ የጥንታዊ ሞተር ሳይክሎች በዓል ያደርጋል። እዚያ ከሚዘረጋው ሰፊ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ ከወደቀ ካርቡሬተር እስከ ሙሉ ሞተር ይገኛል። መርካቶ ምናለሽ ተራን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ እዚያ ሲገባ ቤቱ የገባ ያህል ይሰማዋል፤ በርሜል ምድጃ፣ ጎማ ጫማ በሚሆንበት ተራ ያደገ ዓይን «አሮጌ» እና «የማይጠቅም» አንድ እንዳልሆኑ ከልጅነቱ ያውቃል።

መጀመሪያ ማከም

ጀማሪ ሁሉ በሚታየው ነገር ይጀምራል፤ በቀለም፣ በመቀመጫ፣ በመብራት። ልምድ ያለው ሰው ግን ከሞተሩ ፊት ባሉት ክዳኖች ይጀምራል። በእነዚያ ክዳኖች ሥር ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር በጊዜ የሚያስተባብሩ ሁለት የጎማ ቺንጋዎች አሉ። ጎማ ዕድሜ አለው፤ ሞተር ሳይክሉ ሃያ ዓመት ቆሞ ከነበረ ቺንጋውም ሃያ ዓመት ሲደርቅ ኖሯል። በዚህ ሞተር ላይ ቺንጋ ከተበጠሰ ፒስተኑ የተከፈተውን ቫልቭ ይመታዋል፤ የጥቂት ዶላር ዕቃ ሙሉ ሞተር ይበላል። ስለዚህ የቆመ ጎልድ ዊንግ ገዝታችሁ ከሆነ ቺንጋዎቹን ሳትቀይሩ ቁልፉን አታዙሩ።

ሁለተኛው ሕመም ዲናሞው ነው። ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው የሽቦ ጥቅል ከሞተሩ ጀርባ ተደብቋል። ከተቃጠለ እሱን ለመቀየር ሞተሩ ከቴላዮው መውረድ አለበት። ከጥቅሉ የሚወጡት ሦስቱ ቢጫ ሽቦዎች የሚገናኙበት ሶኬት በሙቀት እንደሚቀልጥ የታወቀ ስለሆነ፣ ብዙ ባለሙያዎች ሶኬቱን አውጥተው ሽቦዎቹን በቀጥታ በቆርቆሮ ብየዳ ያያይዛሉ። ሦስተኛው አራቱ ካርቡሬተሮች ናቸው። ጎሚኖቻቸው ይደርቃሉ፣ ነዳጅ የሚመጥኑት ጠባብ ጂግለሮች በቆየ ቤንዚን ዝቃጭ ይደፈናሉ። ከታጠቡ በኋላም አራቱ እኩል እንዲስቡ በመለኪያ ማስተካከል ግድ ነው፤ አንዱ ከሰነፈ ያ ጸጥተኛ ሞተር መንዘፍዘፍ ይጀምራል።

አንዱ ሌላውን ሲጠራ

አሁን ወደ አዲሱ ዕቃ እንሂድ። የ1980ዎቹ ፎርኬላ ቀጭን ነው፤ ፍሬን ሲያዝ ይተጣጠፋል። ብዙ ሠሪዎች ከዘመናዊ የእሽቅድድም ሞተር ሳይክል፣ በተለይ ከሱዙኪ ጂኤስኤክስ አር፣ ወፍራሙ ቱቦ ከላይ የሆነውን የተገለበጠ ፎርኬላ ከነጎማውና ከነፍሬኑ ይወስዳሉ። ግን የአዲሱ ፎርኬላ ምሰሶ በአሮጌው አንገት ልክ አልተሠራም። ወይ በውስጥ ለአዲሱ ምሰሶ፣ በውጭ ለአሮጌው አንገት የሚሆን ኩሽኔታ ይፈለጋል፤ ወይም የአሮጌው ምሰሶ ተነቅሎ፣ በቶርኖ በተቆረጠ ቀለበት አማካይነት ከአዲሱ ጋር ይጣመራል። አማርኛ ለዚህ ቁራጭ ብረት የሰጠው ስም አስማሚ ነው። ለሙያው ሁሉ ከዚህ የተሻለ ስም አላገኘሁለትም። ሥራው ከሁለት ዘመን የመጡ፣ አንዱ ሌላውን ሳያውቅ የተሠሩ ብረቶችን እንደ ጥሩ ሽማግሌ ማስማማት ነውና።

ኩሽኔታው ገጠመ ማለት ግን ተስማሙ ማለት አይደለም። መሪው የሚዞርበትን ምሰሶ በሐሳብ ወደ መሬት ብናወርደው፣ ጎማው አስፋልቱን ከሚነካበት ነጥብ ቀድሞ ያርፋል። በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት በብዙ የመንገድ ሞተር ሳይክሎች ላይ 10 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ ጎማው ከኋላ እየተጎተተ ራሱን እንዲያቀና የሚያደርገው እሱ ነው። የገበያ ጋሪ ትንሽ ጎማ ሲገፋ ራሱ የሚቀናው በዚሁ ምክንያት ነው። አዲሱ ፎርኬላ አጭር ከሆነ አፍንጫው ይወርድና ርቀቱ ያንሳል። አነስ ያለ የ17 ኢንች ጎማም ይቀንሰዋል። የዘመናዊው ፎርኬላ መያዣ ወደ ምሰሶው መቅረቡ ደግሞ መልሶ ይጨምረዋል። ሠሪው እነዚህን ደምሮና ቀንሶ በወረቀት ሳያሰላ ከገጠመ፣ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ላይ መሪው በእጁ ውስጥ ሲርገበገብ ያገኘዋል። ፎርኬላው ሙሉ በሙሉ ሲታጠፍ ጎማው ራዲያተሩን እንዳይነካም አስቀድሞ ሊለካ ይገባል።

ፍሬኑም የራሱን ጥያቄ ያመጣል። በመሪው ላይ ያለው የፍሬን ፓምፕ ፒስተንና በካሊፐሩ ውስጥ ያሉት ፒስተኖች ስፋት መመጣጠን አለበት። ፓምፑ ከልክ በላይ ትልቅ ከሆነ እጀታው እንደ ድንጋይ ይደርቅና የመያዝ ኃይሉ ይደክማል፤ ትንሽ ከሆነ እጀታው ተስቦ መሪውን ይነካል። ስለዚህ ካሊፐሩን የወሰደ ሰው ፓምፑንም ከዚያው ሞተር ሳይክል ቢወስድ ይሻለዋል። አዲሱ ፎርኬላ ለአሮጌው የፍጥነት ቆጣሪ ገመድ መያዣ ስለሌለው በማግኔት የሚቆጥር ኤሌክትሮኒክ ቆጣሪ ይከተላል። ቆጣሪው ደግሞ ንጹሕ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል።

ኤሌክትሪኩ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አምፖሎቹን በኤልኢዲ ቢቀይር ለደካማው ዲናሞ ያዘነለት ይመስለዋል። አሮጌው የኃይል መቆጣጠሪያ ግን የተረፈውን ኤሌክትሪክ በሙቀት ስለሚያባክነው የሽቦ ጥቅሉ እንደ ቀድሞው በሙሉ ጉልበት ይደክማል። እውነተኛ ዕረፍት የሚያገኘው ትርፉን ከምንጩ የሚቆርጥ አዲስ ዓይነት መቆጣጠሪያ ሲገባ ነው። ቀላሉን የሊትየም ባትሪ የሚያስገባም ይህንኑ መቆጣጠሪያ ያስፈልገዋል፤ ከልክ ያለፈ ቮልት ባትሪውን ያበላሸዋል። የፍሬቻው ማብሪያ ማጥፊያ ሪሌም ለኤልኢዲ ካልተቀየረ ፍሬቻው ወይ ሳይርገበገብ ይቀራል፣ ወይ ያለ ልክ ይርገበገባል።

የኋላው ጎማ ብዙ ጊዜ እንደነበረ ይቀራል። ዘንጉ በአንድ ወገን ስለያዘው ሰፊ ጎማ ቦታ የለውም። አሞርዛተሮቹን በተሻሉ ቀይሮ እዚያው ማቆም አዋቂነት ነው። የዚህ ሙያ ግማሹ ችሎታ የቱን መተው እንደሚገባ ማወቅ ነው።

ስሙ እንዳይጠፋ

ከመጋዙ መዳን ካለባቸው ነገሮች ሁሉ ቀዳሚው ያ አንገት ላይ ያለው ቁጥር ነው። በኦሃዮ ሊብሬ የሚሰጠው የካውንቲው የፍርድ ቤቶች ጽሕፈት ቤት ነው። ከተለያዩ አካላት ተገጣጥሞ የተሠራ ተሽከርካሪ ደግሞ ሊብሬ ከማግኘቱ በፊት በኦሃዮ ስቴት ሀይዌይ ፓትሮል ይመረመራል፤ የዕቃዎቹ ደረሰኞችም ይጠየቃሉ። ቴላዮውንና ሊብሬውን ይዞ የቆየ ሞተር ሳይክል ከዚህ ድካም ይተርፋል። ስለዚህ የሚገዛው ሰው በመጀመሪያ ወረቀቱን ከአንገቱ ቁጥር ጋር አስተያይቶ፣ ከዚያ ወዲህ የገዛውን እያንዳንዱን ዕቃ ደረሰኝ በአንድ አቃፊ ማኖር አለበት።

የኦሃዮ ክረምት ረጅም ነው። መንገዱ ጨው ተነስንሶበት፣ ሞተር ሳይክሎች ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ሲያርፉ፣ ጋራዡ ውስጥ መብራት የሚያበራ ሰው የሥራ ወቅቱ ያኔ ነው። በዚህች ከተማ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ልጆቻችን ከስልክ ዓይናቸውን አንስተው እጃቸውን ዘይት እንዲነካው የምንፈልግ ከሆነ፣ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት ለማግኘት ይቸግራል። ጂኦሜትሪ በፎርኬላው፣ ፊዚክስ በፍሬኑ፣ ኤሌክትሪክ በዲናሞው ውስጥ አለ፤ ትዕግሥት ደግሞ በሁሉም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሸራውን ግለጡት፣ መሪውን አዙሩት፣ ጨርቁን ለልጁ ስጡትና አንገቱን ይጥረገው። ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ። በ1 ከጀመረ፣ 50 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የጎረቤቶቻችን እጅ የገጣጠመው ነው። ከዚያ የቺንጋዎቹን ክዳን አብራችሁ ፍቱ።